ከአያ ሽፈራው ቤት የመውጣት መከራ

ተስፋ ቆርጣችሁ ታውቃላችሁ? በመንገድ፣ በመብራት፣ በኑሮ ውድነት ማለቴ አይደለም፤ እሱማ የጋራችን ነው፣ ተቃቅፈን እንቆርጠዋለን። እኔ የምጠይቃችሁ ለብቻ ስለሚቆረጠው ነው። ማንም በማይናገረው ቋንቋ፣ እሱም ውስጥ በአንዲት የስም ጅራት፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ከመሀላችሁ አለ? ካለ እጁን ያውጣ፤ ማኅበር እንጠጣለን።

ነገሩን ከሥሩ ካላወራሁት ይህ ሰውዬ ለየለት ትላላችሁ። ከሥሩ ባወራውም ማለታችሁ አይቀርም፤ ያኔ ግን ምክንያቱን ይዛችሁ ነው።

ቀየት ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሌላ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ፣ ሌላ ሰው ባወጣው ዕቅድ፣ ሌላ ሰው ቆጥሮ በሰጠኝ ጠመኔ ሳስተምር ኖርኩ። የራሴ ነው የምለው ነገር ቢኖር ሳሌ ነው፤ እሱንም የሰጠኝ ጠመኔው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ ስልኬን ስጎረጉር፣ አንድ የሰዎች ስብስብ ውስጥ ገባሁ። ሰዎቹ ቋንቋ ይሠራሉ። እንደ ወንበር፣ እንደ ጠረጴዛ ይሠሩታል። ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ስዊድንኛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው አይደል? እነዚህ ሰዎች ታዲያ፣ "ሌላ አንዲት እህት ነበረቻቸው ብንልስ? ምን ብላ ትናገር ነበር?" ብለው ያልተወለደችውን እህት ያናግሯታል። አሥር ናቸው። እኔ ስጨመር አሥራ አንድ ሆንን።

እንዴት ተቀበሉህ ካላችሁኝ፣ በግዕዝ ነው። በልጅነቴ የኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ግስ አውርጃለሁ። አንድ ግስ ሲረባ ስንት ልጅ እንደሚወልድ፣ ቃል በዜማ ተሸምድዶ እንዴት ዕድሜ ልክ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህንን በተሰበረ ስልኬ ጻፍኩላቸው። የስብስቡ አለቃ ተደነቀ። የአለቃውን ስም አላውቀውም፤ በፎቶው ቦታ ድንጋይ ስለ ለጠፈ እኔ ባለ ድንጋዩ እለዋለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው እንደሆነ ነግሮናል። ባለ ድንጋዩ፣ "አንተ የቋንቋ ሰው ነህ" አለኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ርእሰ መምህራችን እንኳ የሚለኝ "አንተ የሰዓት ሰው አይደለህም" ነው።

ከዚያ ከቋንቋዋ የሰዋስው መጽሐፍ ማንም ያልፈለገውን ምዕራፍ ሰጡኝ። መራቅን።

እኛ ከአንድ ነገር ስንርቅ "ከ"ን ከፊት አስቀድመን እንገላገላለን፤ ከቤት፣ ከገበያ፣ ከዓለም ከተማ። እነሱ ግን ከስሙ ኋላ ጅራት መቀጠል ፈለጉ። የጅራቱ ባለሙያ እኔ ሆንኩ። ቤት በዚህች ቋንቋ "ሁስ" ነው። ከቤት ውስጥ ስትወጣ "ሁሱት" ትላለህ። ከቤቱ አጠገብ ስትርቅ "ሁሳፍ"። ከጣራው ላይ ስትወርድ ደግሞ "ሁሲድ"። ሦስቱንም የወለድኳቸው እኔ ነኝ። "ሁሲድ"ን ያገኘሁ ዕለት ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ለባለቤቴ ለጸዳለ ነገርኳት።

"ከጣራ ላይ መውረድ?" አለችኝ።

"አዎ! በአንድ ቃል!"

"ከጣራ ለመውረድ እኮ መጀመሪያ መውጣት ያስፈልጋል። ውጣና ያቺን የምታፈስ ቆርቆሮ ምታት። ስትወርድ የፈለግኸውን በል።"

ጸዳለ እንዲህ ናት። አንድ ቀን ደግሞ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ካኖረችው ባልዲ ላይ ቀና ብላ፣ "አንተ ለሌለ ሰው ቋንቋ ትሠራለህ፣ ላለ ሰው ጣራ አትሠራም" አለችኝ።

አትሳቁ፣ ለእኔ ነገሩ የምር ነበር። የሰዋስው መጽሐፉ ሲያልቅ በየምዕራፉ ግርጌ የሠራው ሰው ስም ይጻፋል ተብሏል። አንዲት ገጽ ናት። ዓለም ላይ ምናልባት አሥር ሰው ያነባት ይሆናል። ግን ግርጌዋ ላይ የእኔ ስም ይኖራል፤ ይህን ነገር ከእሱ በፊት ማንም አላሰበውም የሚል ገጽ። አርባ አምስት ዓመት ኖሮ አንድ ነገር እንኳ ሳይጨምር ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሌሊት ስነቃ የምነቃው በእሷ ነው።

መቼም ክፉ አይጠፋም፣ ባለ ድመቷ መጣች። እሷም በፎቶዋ ቦታ ድመት ነው የለጠፈችው። "ለምን እንቸገራለን?" አለች። "ጅራት ሁሉ ይቅርና እንደ እንግሊዝኛ አንዲት ትንሽ ቃል ከፊት እናስቀምጥ፣ ይበቃል።" አስቡት፣ ሦስት ዓመቴን በአንዲት ትንሽ ቃል! ሁለት ወር ሙሉ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ባለ ድንጋዩ ፈረደ፤ በየጅራቱ አሥር አሥር ዐረፍተ ነገር፣ ሁሉም ከኖርኩት ሕይወት የተወሰደ፣ እስከ እሑድ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከላክሁ ድምፅ ይሰጥበታል። ካልላክሁ ምዕራፉ የባለ ድመቷ ነው።

ሠላሳውን ዐረፍተ ነገር ሐሙስ ጨረስኩ። ሐሙስ ኔትወርክ ጠፋ።

ዓርብም አልመጣ፣ ቅዳሜም አልመጣ። ከተማው ውስጥ ሲጠፋ ተስፋ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከቀየት የአንድ ሰዓት መንገድ ተሂዶ የሚወጣ ጉብታ። የጥንት ስሙ ተረስቶ ሰው ሁሉ ስልክ አምባ ይለዋል። አናቱ ላይ ከተወጣ፣ ፊት ወደ ምሥራቅ ከዞረ፣ እጅም ከተዘረጋ፣ እግዜር ካለ ይይዛል። እሑድ ቅዳሴ እንደ ወጣ አምስት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። አራት ሰዓት ሙሉ አለኝ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ነው። በሒሳብ ከሄድን ደርሼ፣ ልኬ፣ ተኝቼ መነሣት እችል ነበር።

ሒሳቡ ውስጥ ያልገባው አያ ሽፈራው ናቸው።

አያ ሽፈራው የጸዳለ አጎት ናቸው፤ ቤታቸው በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከወንዙ ወዲህ ነው። ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በልጅነታቸው ዲያቆን ስለ ነበሩ ሲያስነጥሳቸው እንኳ በግዕዝ ነው የሚያመሰግኑት። ደግ ናቸው። ደግነታቸው ነው የፈጀኝ። የአያ ሽፈራውን ደጅ ሳይገቡ ማለፍ የለም፤ ከገቡ ደግሞ መውጣት የለም። እርግጥ ነው፣ በእኛ አገር ከማንም ቤት ቢሆን መውጣት እንደ መግባት ቀላል አይደለም። እንግዳ "ልሂድ" ይላል። የመጀመሪያው "ልሂድ" ልሄድ አስቤያለሁ ለማለት ነው፣ ማንም አይሰማውም። ሁለተኛው ጨዋነት ነው፤ "ኧረ ተቀመጥ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" ይባልበታል። በሦስተኛው ትነሣለህ። ከዚያ ባለቤቱም ይነሣል፤ መሸኘት አለዋ። ሌላው ሰው እስከ አጥር በር ይሸኛል፣ ቢበዛ እስከ ማሳው ጫፍ። አያ ሽፈራው ግን ሰው ሲሸኙ ልክ የላቸውም። ከበሩ፣ ከአጥሩ፣ ከጉረኖው፣ ከአስታው ዛፍ አልፈው እስከ ወንዙ ይወርዳሉ፤ ተሸኚው ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ጀርባው ከዐይናቸው እስኪጠፋ ቆመው ያያሉ።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ጌታነህ። እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ጎበዝ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ንጋት ላይ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። ኮቴው እንዳይሰማ ነው። ውሻው ነብሮ እንኳ አልጮኸም፤ ያውቀዋላ። ዐረብ አገር ሄደ ይባላል። ይባላል እንጂ ደወለልኝ የሚል ሰው የለም። ይህንን ቀየት ሁሉ ያውቀዋል፣ ፊታቸው ግን ማንም አያነሣውም።

እና እኔ እሑድ ዕለት ምን አደረግሁ? ከቤታቸው ኋላ በድንጋይ ካቡ ሥር ጎንበስ ብዬ ለማለፍ ሞከርኩ። የአርባ አምስት ዓመት ሰው፣ መምህር፣ ነጠላውን በወገቡ አስሮ፣ እንደ በግ ሌባ በእጅና በእግሩ ሲሄድ ይታያችሁ። ነብሮ አየኝ። ለልጃቸው ያልጮኸ ውሻ ለእኔ የዓመቱን ጮኸ።

"ማነው?" አሉ አያ ሽፈራው በካቡ ላይ ብቅ ብለው። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። "መምህሬ! ምን ጠፋብህ?"

"የለም… ቁልፍ ወድቆብኝ ነው" አልኩ። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ በራሱ መንገድ ላይ ይዋሻል፤ እኔ ቁልፌን የጣልኩት ረግጬው በማላውቅ መሬት ላይ ነው።

ከዚያማ ምኑ ይወራል። ወርደው ለሩብ ሰዓት ያህል የሌለ ቁልፍ አብረውኝ ፈለጉ። እኔም ፈለግሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ? በመጨረሻ ከኪሴ አውጥቼ "እዚሁ ኖሯል" ስል፣ "ተመስገን! ስብሐት ለአብ!" ብለው ክንዴን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝ። የተገኘ ቁልፍ በደረቁ አይታለፍማ። ባለቤታቸው እትዬ በለጡ ጠላ ቀዱ፣ የገብስ ቆሎ ቀረበ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር።

የመጀመሪያውን "ልሂድ" ስድስት ሰዓት ላይ አልኩ። እንዳልኳችሁ፣ ማንም አልሰማውም።

"የት ነው የምትቸኩለው በሰንበት?" አሉኝ አያ ሽፈራው።

ነገርኳቸው። ለምን እንደ ነገርኳቸው አላውቅም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የሚሰማኝ ሰው አጥቼ ስለ ነበር ይሆናል። ቋንቋውን፣ ጅራቱን፣ ባለ ድመቷን ሁሉ አንድ በአንድ አወራኋቸው። አልሳቁም። ጽዋቸውን አስቀምጠው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው አዳመጡኝ።

"እና የአንተ ድርሻ መውጣቱን መንገር ነው?"

"አዎ፣ መውጣትና መራቅ።"

"መመለሱስ?"

"እሱ የሌላ ሰው ምዕራፍ ነው።"

"እንዴት የሌላ ሰው ይሆናል?" አሉ፤ ተቆጡም። "ሰው ሲወጣ እኮ መመለሱን ይዞ ነው የሚወጣው። ነጥለህ ከሠራኸው ምኑን ሠራኸው?"

እትዬ በለጡ ቀና ብለው አዩአቸውና ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ይህንን ያየሁት አሁን ስጽፈው ነው። ያን ጊዜ የማየው የግድግዳውን ሰዓት ብቻ ነበር።

ሁለተኛው "ልሂድ" ስድስት ተኩል ላይ፣ ሦስተኛው ሰባት ሰዓት ላይ ሆነ። ተነሣሁ። በትራቸውን አነሡ።

"አይድከሙ፣ እዚሁ ይበቃዎታል" አልኩ በሩ ላይ። "ኧረ ትንሽ ልሸኝህ" አሉ። አጥሩ ላይ፣ ጉረኖው ላይ፣ አስታው ሥር ይህንኑ ተባባልን። ጉልበታቸው በየእርምጃው ያነክሳል። እኔ ብቻዬን በሰባት ደቂቃ የምወርደውን ሃያ ደቂቃ ፈጀን። ወንዙ ዳር ስንደርስ፣ "በሉ አሁን ይመለሱ" ብዬ እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ ድንጋዩ አሟለጫቸውና በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ።

አሁን እናንተ ፍረዱኝ። የሚስትህ አጎት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ አንተን ሲሸኙ ወድቀው፣ "ደኅና ይዋሉ" ብለህ ትሻገራለህ? የትኛው እናት የወለደችው ሰው ነው የሚሻገረው? ክንዳቸውን ይዤ ዳገቱን መለስኳቸው። ሌላ ሃያ ደቂቃ ሄደ።

በራቸው ላይ ለቅቄያቸው ዞር ስል ኋላዬ የበትር ድምፅ ሰማሁ።

"ወዴት ነው አያ ሽፈራው?"

"እንዴ! እኔን ልትመልስ ይህን ሁሉ ዳገት ደክመህ፣ እንዲሁ ልስደድህ? ነውር አይደለም?"

"ደኅና ነኝ፣ ሚካኤልን ይግቡ!"

"አንተ በሚካኤል ካልክ እኔ በገብርኤል" አሉና ቀደሙኝ።

እንግዲህ ቁልቁል ወረድን። ወንዙ ዳር ደረስን። ስምንት ሰዓት ሆነ። "ይመለሱ" አልኩ። ተመለሱ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ግን አሥር እርምጃ እንደ ሄዱ ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙ። መተንፈስ አቃታቸው። ሰማዩን አየሁ፣ ወንዙን አየሁ፣ ስልኬን አየሁ፤ ባትሪው ሃያ በመቶ። ተመልሼ ክንዳቸውን ያዝኩ። ስናዘግም አንድ ቄስ ከላይ ሲወርዱ አገኙን፤ አያ ሽፈራው እየሸኙኝ ይሁን እኔ እየሸኘኋቸው አልገባቸውም። "ማን ነው እንግዳው?" ብለው ጠየቁ። እኔም በዚያ ሰዓት አላውቀውም ነበር።

ቤት ስንደርስ ስምንት ሰዓት ከሃያ። እትዬ በለጡ በሩ ላይ ቆመው፣ "መጣችሁ? በሉ ግቡ፣ ገና ቆሎው አልተነሣም" አሉ።

"አልገባም!" አልኩ። ድምፄ ከፍ አለ። ለመሮጥ ዞርኩ። አያ ሽፈራው ግን በዚያ ጉልበት፣ በዚያ ትንፋሽ፣ በትራቸውን እየመቱ ከጎኔ ናቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ወንዙ ዳር ስንደርስ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆነ። ሃያ ደቂቃ ቀረችኝ። አያ ሽፈራው ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ "ትንሽ ልሻገርልህና ዳገቱን ላስይዝህ" አሉኝ።

ፈነዳሁ።

"በቃ!" ብዬ ጮኽኩ። "በቃ አይሸኙኝ! ማን ሸኙኝ አለዎት? ሰው ከእርስዎ ቤት ሲወጣ መከራ ነው! ተዉኝ ልሂድበት!"

አያ ሽፈራው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ እንዴት በተሻለኝ። በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ "እሺ፣ ሂድ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው፣ ዞሩ።

እኔም ሮጥኩ። ይህንን ስነግራችሁ አፍራለሁ፣ ግን ሮጥኩ። ነጠላዬ እሾህ ላይ ቀርታ፣ ስልክ አምባ አናት ላይ ስወጣ ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ ነበር። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። እጄን ዘረጋሁ። እግዜርም አለ፤ ስልኩ ተንጫጫ፣ የሦስት ቀን መልእክት አንድ ላይ ወረደ።

ልልክ ስል የባለ ድንጋዩ መልእክት ከላይ ታየኝ። የዓርብ ነው። "ውድ ጓደኞች፣ ሁላችሁም ሐሳባችሁን ስለ ገለጻችሁ እስከ እሑድ መጠበቅ አላስፈለገም። ቋንቋችን ለመራቅ ጅራት አይኖራትም። አንዲት ትንሽ ቃል ትበቃለች። ድምፅ ያልሰጠ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዝምታውን እንደ መስማማት ወስደነዋል። ወዳጃችን ከኢትዮጵያ ስለ ድካሙ እናመሰግነዋለን።"

ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ያሰኘኝ ኔትወርኩ ነው። ባለ ድመቷ ከሥር፣ "እንደማትቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ" ብላ የሚስቅ ፊት ለጥፋለች።

ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም ብላችሁ አትመኑኝ። እንግዲህ ቁልፍ ስፈልግም፣ ጠላ ስጠጣም፣ ዳገት ስወጣና ስወርድም ምዕራፌ ከሞተ ሁለት ቀን አልፎታል ማለት ነው። ሦስት ዓመት፣ ሠላሳ ዐረፍተ ነገር፣ ሦስት ጅራት። ለዚህ ብዬ ነው አንድ ሽማግሌ ላይ የጮኽኩት። ስሜ ቀርቶ አሳዳጊ የበደለው የሚል ብቻ ቢጻፍልኝ ይገባኛል። ሠላሳውን ዐረፍተ ነገር አንድ በአንድ አነበብኳቸው። በግ ከጉረኖ ወጣ። ቄሱ ከበቅሎ ወረዱ። ሴትዮዋ ከገበያ ራቀች። ሁሉም ልክ ነው፤ ከአንዱም ውስጥ ግን ኋላ የቀረ ሰው የለም። ጫማውን በእጁ ይዞ የወጣ ልጅ የትኛው ጅራት ይይዘዋል? ብዬ አሰብኩ። አንዱም አልያዘውም። ስልኩን አጠፋሁና ተነሣሁ።

ቁልቁል ሳይ ወንዙ ዳር አንድ ሰው ቆሟል።

አልሄዱም ነበር። ስጮህባቸው ጥቂት እርምጃ ብቻ ፈቀቅ ብለው፣ ዞረው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ቀርተዋል። ዳገቱን ስሮጥ፣ ነጠላዬ ስትቀር፣ አናቱ ላይ እጄን ዘርግቼ እንደ እብድ ስዞር ሁሉ እያዩኝ ነበር። እኔ ከዐይናቸው አልጠፋሁማ፤ ስልክ አምባ ላይ የቆመ ሰው ከሁሉም አቅጣጫ ይታያል። ጀርባዬ እስኪጠፋ ነበር የሚጠብቁት፣ እኔ ደግሞ አልጠፋ አልኳቸው።

ወረድኩ። እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም። ወንዙን ተሻግሬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በትራቸውን አጋድመው ከለከሉኝ።

"ተው፣ ተው። ደረሰልህ?"

"አልደረሰም፣ አያ ሽፈራው። ከዓርብ ጀምሮ አልቆ ነው የቆየኝ።"

"አይ እዳ!" አሉ፤ ከልባቸው አዘኑ፤ ከጸዳለም፣ ከባለ ድንጋዩም፣ ከሁሉም ይልቅ አዘኑልኝ። "ያን ሁሉ ደክመህ!"

"ይቅር ይበሉኝ። በእርስዎ ላይ…"

"እኔስ ምን ሆኜ?" አሉ። ወንዙን አዩ። "አውቃለሁ እኮ፣ አበዛዋለሁ። በለጡም ትቆጣኛለች። ግን ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ከቤቴ ወጥቶ ያልሸኘሁት አንድ ሰው ነው። እሱም አልተመለሰም።"

ክንዳቸውን ያዝኩ። ዳገቱን ቀስ እያልን ወጣን፤ አስታውን፣ ጉረኖውን፣ አጥሩን አለፍን። ነብሮ አየኝና ጅራቱን ቆላ፣ አልጮኸም። እትዬ በለጡ ቆሎውን እውነትም አላነሡትም ነበር።

ተቀመጥኩ። ተቀመጥ ሳልባል፣ እግሬን ዘርግቼ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ስለ ጌታነህ አወራን፤ ወይም እሳቸው አወሩ፣ እኔ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ እንዴት እጁን ያወጣ እንደ ነበር ነገርኳቸው። እትዬ በለጡ ከጓዳው ሆነው፣ "ድገመው እስቲ" አሉኝ፣ ደገምኩት። ሁለተኛው ጠላ መጣ። ሦስተኛው መጣ። ፀሐይዋ ከካቡ በታች ወረደች። "ልሂድ" አንድ ጊዜም አላልኩም።

በመጨረሻ አያ ሽፈራው በሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

"መምህሬ፣ መሸብህ እኮ። ጸዳለ አታስብም? አትሄድም እንዴ?"

እንግዳውን ሂድ ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ተነሣሁ። በትራቸውን አነሡ።